ፎቶ አንሺ ስንት እርምጃ ላይ ይቁም?

የአንድን ፎቶ አንሺ ሥራዎች ተራ በተራ ስናይ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ሥዕል እናገኛለን፤ የጉዞ፣ የዱር እንስሳት እና የሰው ፊት። ሲታዩ ሦስት ሙያ ይመስላሉ። ሌንሱ ይለያያል፣ የሚወጣበት ሰዓት ይለያያል፣ ድካሙም አንድ አይደለም። ለእኔ ግን ሦስቱም አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ ካሜራ የያዘው ሰው ስንት እርምጃ ላይ ቆመ? ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲነሳ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ሲጠበቅ፣ ላሊበላ ላይ የገና በዓል ሲነጋ፣ አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲነሱ፣ እርምጃው ከተሳሳተ ውድ ሌንስ አያድንም።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር እና ጨነቅ አካባቢ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይሠራል፤ ሲወጡ ለማየት ጓጉቶ የገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ጭላዳ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው። በመንጋውና በገደሉ መካከል የቆመ ሰው የመሸሻ በሩን ዘጋ ማለት ነው። መንጋው ወይ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ወይ ወጥቶም አያርፍም፤ ሣር መንጨቱን ትቶ ሰውየውን ሲያይ ይቆያል። ከአፋፉ ሃያ፣ ሠላሳ እርምጃ ወደ ሜዳው ገባ ብሎ፣ ጎን ሰጥቶ መሬት ላይ መቀመጥ ይሻላል። እየጋጡ እነሱ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው ስለለመዱ አምስትና ስድስት ሜትር ድረስ ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ግን ቅርበቱን የሚወስኑት እነሱ ይሁኑ።

ለዚህ 70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ሩቁን የሚያቀርበውን 600 ሚሊ ሜትር ተሸክሞ መውጣት ትከሻ ማድከም ነው። ካሜራው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይበል፤ ያን ጊዜ ዓይናቸው ከሌንሱ ጋር እኩል ይሆናል፣ ከጀርባቸውም ሣር ብቻ ሳይሆን ሰማይና ተራራ ይገባል። ቆሞ ወደ ታች የተነሳ ጭላዳ ጀርባው የሚታይ የጠጉር ክምር ነው።

ፎከስ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። የእንስሳ ዓይን ፈልጎ የሚይዘው የካሜራ ዘዴ ጭላዳ ላይ ይሳሳታል፤ ፊቱ ጥቁር ነው፣ ዓይኑ ከቅንድቡ አጥንት ሥር የተቀበረ ነው፣ ከፊቱ ደግሞ ሣር ይወዛወዛል። አንድ ትንሽ የፎከስ ነጥብ መርጦ ቅርብ ያለው ዓይን ላይ ማሳረፍ የበለጠ ያስተማምናል። ሌላው አፐርቸር፣ ማለት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። አምስት ሜትር ላይ በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 2.8 ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጭላዳ አፍንጫ ደግሞ ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ ዓይኑ ሲጠራ አፍንጫው ይደበዝዛል። ኤፍ 5.6 ላይ ጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፊቱ በሙሉ ይያዛል።

በቅርብ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው እጁ ነው። ጭላዳ ሲበላ ቁጭ ብሎ ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ አንድ የሣር ቅጠል ይነጫል፣ በመዳፉ ሰብስቦ ወደ አፉ ይልካል፣ አንዱ ቦታ ሲያልቅ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በጣቱ አፈሩን እየቆፈረ ሥር ያወጣል። ያን ጊዜ ጥፍሩ ውስጥ አፈር፣ ጣቱ ላይ አቧራ፣ ከፊቱም የተፈነቀለ ጓል ይታያል። ቀይ ደረቱ በየፎቶው አለ፤ ስለዚህ እንስሳ ኑሮ የሚናገረው ግን እጁ ነው፤ የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው። እጁ ፈጣን ስለሆነ የሹተሩ (የካሜራው መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/800 ሰከንድ አይዘግይ።

ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ፈዘዝ ያለ የዓይኑን ሽፋን ሲገልጥ ለሌላ ወንድ ከሆነ እያስፈራራ ነው፤ አንሱት። ወደ እናንተ ከሆነ ግን ቀርባችኋል ማለት ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማለት ነው።

የብርሃኑን ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ የአውሮፓ መማሪያዎች የሚያወሩለት ለስላሳው የጠዋት ብርሃን እዚህ ሳይቆይ ያልቃል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥላው ይጠቁራል፤ 3 ሰዓት ሲሆን ከቅንድቡ በታች ያለው ዓይን ጠፍቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ለፊት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለመልክዓ ምድርና ለመንጋ ይሁን። ደመና ከመጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊት ማንሳት ይቻላል። ጠጉሩ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ክፈፉን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ ያስፈልጋል (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ፣ መጨመር ደግሞ እጥፍ ማድረግ ነው)። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ጎፈሩ ዙሪያውን ይበራል፤ ያን ጊዜ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል እንዳይቆረጥ ማየት ነው።

መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አንድ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች እዚያ እንዳስተዋሉት ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሚያድነው የበለጠ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ምክንያቱ አረማመዱ ነው፤ በመሃላቸው ሲያልፍ ቀስ ይላል፣ አይሮጥም፣ በአጠገቡ ያሉትን ግልገሎች አይነካም። ፎቶ ለማንሳት ለሚወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቀጥ ብሎ ወደ እንስሳው ከመሄድ ዞር እያሉ፣ እየቆሙ፣ ሌላ ነገር የሚፈልጉ መስሎ መቅረብ ሁልጊዜ ያዋጣል።

ቀበሮውን ለማንሳት ብዙ ሰው የሚሄደው ባሌ፣ ሳነቴ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሜዳውን ያቋርጣል፤ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በማግስቱ ሳነቴ ላይ ለመሮጥ የሚሞክር ራስ ምታት ይዞት ቀኑን ያባክናል፤ አንድ ሌሊት ዲንሾ አድሮ፣ በዚያውም የደጋ አጋዘኑን አንስቶ መውጣት ይሻላል። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው አቀራረቡን ቢያስብበት ተገቢ ነው።

ቀበሮው የሚያድነው በቀን ነው፤ ምግቡ የሆኑት አይጦችና ግዙፉ ፍልፈል በቀን ስለሚወጡ። ማታ ማታ ከመንጋው ጋር ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። ሰው ከመኪና ሲወርድ ይርቃል፤ ከቆመ መኪና ግን ብዙም አይሸሽም። ስለዚህ ከመኪና መስኮት ማንሳት የተሻለው ዘዴ ነው። ሁለት ኪሎ ያህል ሩዝ ወይም ባቄላ የተሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አጋድሞ ሌንሱን በላዩ ማሳረፍ ከትራይፖድ ይበልጣል። ሞተሩ ይጥፋ፤ ንዝረቱ በረጅም ሌንስ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል።

ሳነቴ ላይ «ሌንሴ ተበላሸ» የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። ፎከሱ ትክክል ሆኖ፣ ሹተሩም ፈጣን ሆኖ ጠጉሩ ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ሌንሱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ከመሬቱ የሚነሳው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ይላወሳል፤ በ600 ሚሊ ሜትር ሲታይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የመኪናው ማሞቂያ በርቶ መስኮት ሲከፈትም ያው ነው፣ ሞቃቱ አየር በሌንሱ ፊት ይወጣል። ማሞቂያውን አጥፍቶ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ የሁለተኛው መድኃኒት ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ርቀትን ማሳጠር፣ አለዚያም ከ4 ሰዓት በፊት መሥራት ነው። 40 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የክፈፉን ቁመት ሲሶ ያህል ይይዛል፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው፤ የቀረው ሁለት እጅ ሜዳውን ያሳያል፤ ሳነቴም መታየት አለበት።

ሲያድን ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ይቆማል። ጆሮው ወደ ፊት ይዞራል። ከዚያ ሆዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ጥቂት እርምጃ ይሳባል፣ እንደገና ይቆማል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ይወረወራል። የሹተሩን ቁልፍ መጫን ያለባችሁ ጆሮው ሲዞር ተዘጋጅታችሁ፣ እሱ ሲወረወር ነው፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ 1/2000 ሰከንድ ካልሆነ እግሮቹ ይጠፋሉ። ጉሮሮው ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን ለነጩ መለካት ነው፤ የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም።

ምግብ መወርወር የለም። ጉድጓዱን ፈልጎ መጠበቅም የለም። ግልገሎች በብዛት የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ጉድጓድ ትፈልጋለች፣ በብርድ። ውሻ ይዞ መግባትማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን የጨረሰው ከውሾች የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በአጭሩ የማልፈው ዳሎልን ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱና ጨዉ ከባድ የሆነ ቦታ ነው። ጨው ሌንስ ላይ ሲያርፍ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ መስታወቱን መቧጨር ነው፤ መጀመሪያ በመንፊያ ማራገፍ፣ ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ማንሳት። ሌንስ እዚያ አይቀየርም። ቢቻል ሁለት ካሜራ፣ ካልተቻለ አንድ 24–105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ መግባት።

ላሊበላ ላይ ርቀት የሚባል ነገር ይጠፋል። የገና በዓል ሌሊት፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ያለው ዓለት ሰው ለብሶ ሲያድር፣ ጠዋት ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ የሚለውን ዝማሬ ሲሉ፣ ከሰው ትከሻ ጋር ተጣብቆ መቆም ነው። 35 ሚሊ ሜትር ለዚህ የተሠራ ይመስላል። እዚህ የርቀቱ ጥያቄ መልኩን ይለውጣል፤ ስንት እርምጃ መሆኑ ቀርቶ ማን በማን ፊት ቆመ የሚለው ይመጣል። በሊቃውንቱ ሁለት ረድፍ መካከል የሚቆርጥ ፎቶ አንሺ ወረቡን ቆርጧል። ሕዝቡ ሲሰግድ ቆሞ የቀረ ሰው፣ ካሜራ ስለያዘ አይፈቀድለትም፤ እሱም ዝቅ ይበል። ዝቅ ብሎ የተነሳው ሥዕልም ይበልጣል፤ የሰገደው ሕዝብ መሬት፣ ካህናቱ ከሰማዩ ጋር ይታያሉ።

ቴክኒኩ ደግሞ እንዲህ ነው። ከመንጋቱ በፊት ጧፍ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቀላሉ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ለካሜራው ከተዉት በየሥዕሉ የነጠላው ቀለም ይለዋወጣል። 4000 ኬልቪን ላይ ቆልፎ በራው፣ ማለት ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል ማንሳት፣ በኋላ አንዱን አስተካክሎ ለሁሉም ማዋል ቀላል ነው። ፍላሽ አይታሰብም፤ ጸሎቱን ይረብሻል፣ የጧፉንም ብርሃን ይገድለዋል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200 ወይም 6400፣ ኤፍ 2፣ 1/125 ሰከንድ። መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ሲል እንቅስቃሴውን ማሳየት ከተፈለገ ወደ 1/15 ወርዶ ካሜራውን ዓለቱ ላይ ማስደገፍ ነው፤ ዓለቱ ይጠራል፣ ነጠላው ይፈሳል። አብዛኛው ይበላሻል፤ ከሠላሳው አንዱ ከወጣ ጥሩ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን በተመለከተ ብዙ ሰው ቀትር ላይ ይሄዳል፤ ፀሐይ ጉድጓዱ ውስጥ ስለምትገባ። ያን ጊዜ ግን የግድግዳው ጥላ ይጠፋና ጥልቀቱም አብሮ ይጠፋል። እኔ ደመናማ ሰዓት እመርጣለሁ፤ ከ12 ሜትር በላይ የተቆፈረው ዓለት ያን ጊዜ እስከ መሠረቱ ይታያል፣ ዓለቱ ላይ የበቀለው ቢጫ የድንጋይ ሽበትም (ሊከን) ቀለሙ ይወጣል። ክፈፉ አልበቃ ሲል ሳያዩ ወደ ኋላ መራመድ የለም፤ ዙሪያው ጠርዝ ነው።

የሰው ፊት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። መጀመሪያ ስለ ብርሃን ልናገር፤ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። የቀለም ፎቶግራፍ ከጥንቱ የተለካው በእኛ ቆዳ አልነበረም። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ «ሸርሊ» የሚባለው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ነጭ ሴት የተነሳችበት ነበር። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል፣ ግን ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተቱን አልተወም። ነጭ ነጠላ ክፈፉን ሲሞላ ካሜራው ነጩን ግራጫ ያደርግና ፊቱን ያጠቁረዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ካሜራው ከሚለው ላይ አንድ ስቶፕ መጨመር፤ ወይ የብርሃን መለኪያውን ስፖት (አንድ ነጥብ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርጎ ፊቱን ራሱን ለክቶ፣ እንደ ቆዳው ጥቁረት ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ። በስልክ ከሆነ ፊቱን በጣት መንካት፣ ማስዋቢያውን ማጥፋት። ከዚያ ጥለቱን ማየት ነው፤ የጥለቱ ክር አንድ አንዱ ከተለየ ነጩ አልተቃጠለም ማለት ነው።

ለጠይም ፊት ከፊት ለፊት የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን አይመቸውም፤ ያብለጨልጨዋል። ከጎን የሚመጣ ሰፊ፣ ለስላሳ ብርሃን ግን የጉንጩን፣ የግንባሩን ቅርጽ ያወጣል። ለዚህ ከጎጆ ቤት በር የሚበልጥ ስቱዲዮ የለም። ሰውዬው ከደጁ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጥ፣ ፊቱን በከፊል ወደ ውጭ ያዙር። ከኋላው ያለው ቤት ጨለማ ስለሆነ ጀርባው ራሱ ይጸዳል። ጉልበት ላይ ያረፈ ነጠላ ካለ ደግሞ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ይመልስና የዓይን ሥር ጥላን ያቀልለዋል፤ በገንዘብ የሚገዛው ነጭ አንጸባራቂ የሚሠራውን ሥራ ነጠላው በነጻ ይሠራል። ግን ነጠላውን ለሥዕል ብላችሁ አታስተካክሉ። አጣፋቱ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ለለቅሶ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ እንደለበሰው ይተው።

እርምጃው እዚህ አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ነው፤ በ85 ሚሊ ሜትር። በ28 ሚሊ ሜትር ግማሽ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ማንሳት አፍንጫውን ያሳብጣል፣ ጆሮውን ያሳንሳል፤ የሌንሱ ጥፋት ሳይሆን የርቀቱ ነው። ሁለት ሜትር ደግሞ ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ሰዎች ርቀት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ካሜራ አይወጣም። ጤና፣ ቤተሰብ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ይጠየቃል፣ ከዚያ «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት? ይፈቅዱልኛል?» ይባላል። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ልጅ ከሆነ እናት ወይም አባት ይጠየቃሉ።

አንድ የማልስማማበት ምክር አለ፤ «ዘና በሉ በሏቸው፣ ፈገግ አስብሏቸው» የሚለው። የእኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ ቀጥ ይላል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱን ያከብዳል። ይህ ድንጋጤ አይደለም። ከፎቶ አንሺዎቹ ከቦያጂያን ቤተሰብ ጀምሮ፣ አባትየው ቤድሮስ በምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም በኋላ፣ በየከተማው ፎቶ ቤቶች አድርጎ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአቀማመጥ ወግ ነው። ሰውየው ራሱን እንዲህ ይታወስልኝ እያለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች እሱ እንደፈለገው ይነሱ። ሌላው ከዚያ በኋላ፣ ቡናው ሲመጣ፣ ራሱ ይመጣል።

ኦሞ ሸለቆ ላይ በአንድ ፎቶ የሚታሰብ ክፍያ አለ። ሰው ለመልኩ ዋጋ መጠየቁ መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ክፍያው በቁጥር ሲሆን ግን አንሺው ይቸኩላል፣ ተነሺው በተራ ይቆማል፣ ሁለቱም ሰው መሆናቸው ይቀራል። በመንደሩ ሽማግሌ በኩል ለግማሽ ቀን አንድ ዋጋ ተስማምቶ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ካሜራ ሳያወጡ መቀመጥ ለሁለቱም ይሻላል።

እና ሥዕሉ ይመለስ። በየምሽቱ ፎቶዎቹ ወደ ሁለት ዲስክ ሲገለበጡ፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ የፋይሉ ቁጥር፣ የሰውየው ስም፣ ቀበሌውና የሚታወቅበት ሱቅ ወይም ደብር ይጻፍ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተም፤ ከዚያ ያነሰ ለሸመገለ ዓይን አይታይም። ፊቱ ጥቁር ሆኖ እንዳይወጣ ከስክሪኑ ትንሽ አብርቶ ማሳተም ነው፤ ወረቀት እንደ ስክሪን ከኋላ ብርሃን የለውም። በጀርባው ላይ ስሙ በስክሪብቶ ከተጻፈ ወደ ፊት ያሳብጣል፤ በለስላሳ እርሳስ ይሻላል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወደዚያ በሚሄድ ሹፌር እጅ።